በጎረቤታችን አንገት ላይ የነበረችው ጠገራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ከተፈተንኩ ወዲህ እስክሪብቶ ብዙ አልያዝኩም፤ በሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህችን ግን ሳስታውሳት ሳቄ ስለሚመጣ እጄም እምቢ አላለኝም።

እኛ የምንኖረው መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ነበር። በልጅነቴ ትልልቆቹ ሰዎች የበሬውንም የበቅሎውንም ዋጋ በጠገራ ነበር የሚጠሩት። «ይህ በሬ ስንት ጠገራ ያወጣል?» ይባባላሉ፤ ሲከፍሉ ግን ከኪሳቸው የሚወጣው የወረቀት ብር ነው። የንግሥት መልክ ያለባትን የድሮዋን የብር ጠገራ በዓይኑ ያየ ልጅ ጥቂት ነው። ገበያ ላይ የቀረው ቃሉ ብቻ ነበር። በእኛ ሰፈር ልጅ ሲታጭ ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። የልጅቱ አባት «ጠገራ» ካለ ጠገራዋ ራሷ ትመጣለች፤ ድንጋይ ላይ ትጣላለች፤ ስትጮኽ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

ከዚያ ዝናቡ ጠፍቶ ክፉው ቀን መጣ። ሰው ያለውን ጠገራ ሁሉ ለእህል አወጣ። አባቴም እናቴን ሲያጫት ያመጣላትን ጠገራ አቀስታ ገበያ ወስዶ በገብስ ለወጣት። ገብሱን በላን፤ ተረፍን። እናቴ አንድ ቀን አንስታበት አታውቅም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ጠገራ ሲባል ተነስቶ ይወጣል።

እኔን ለማጨት ሽማግሌዎች የተላኩት ዝናቡ ከተመለሰ፣ አብዮቱም ከመጣ በኋላ ነው። ልጁ በወረኢሉ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እንደምወደው የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ጓዳ ሆኜ ስሰማ አባቴ፣

«ልጄን እሰጣለሁ። አንዲት ጠገራ ትበቃኛለች» አላቸው።

«ኧረ አንተ ሰው! አብዮት ፈንድቶ ጠገራ ከየት ይመጣል? በወረቀቱ እጥፍ አድርገን እናምጣ።»

«ሲፈነዳ ጠገራዋን ይዟት አልሄደም። ካጣችሁ ልጁ ሌላ ቤት ይሞክር።»

 እኔ የማውቃት ጠገራ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሙስሊሟ እማማ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት። በማግስቱ ጠዋት ልለምናቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። «እሳት ልጭር ነው» አልኩና ፍሙን በገል ይዤ ተመለስኩ። ቆይቼ እንደገና ሄድኩ፤ እንደገና እሳት ጫርኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገሌን ይዤ ብቅ ስል፣

«ያ አላህ! እናትሽ ቤት ድግስ አለ እንዴ ዛሬ?» አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ የፈለግሽው እሳት ነው ወይስ አንገቴን?»

ለካ ዓይኔ ከጠገራዋ አልተነቀለም። መሬት መሬቱን አየሁ። የአባቴን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ስለነበር ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ልጁን ትወጂዋለሽ?»

ገሉን በእጄ አዟዟርኩት።

«ገሉን አልጠየቅኩትም።»

«አዎ» አልኩ፤ ድምፄን እኔም በቅጡ አልሰማሁትም።

«በይ ሂጂ። በአንቺ እጅ ከገባች አባትሽ ልጄ ራሷን ዳረች ይላል። ለእኔ ተዪው።»

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጥተው የተቋጠረ ጨርቅ አባቴ ፊት አስቀመጡ። አባቴ ፈታውና ጠገራዋን ድንጋዩ ላይ ጣላት። የጠበቅነው ድምፅ አልመጣም፤ ጠብ ብላ ቀረች። ለክሩ ማስገቢያ የተበየደባት ቀለበት ድምጿን አፍኖታል። አባቴ አንስቶ ቀለበቷን አየ፤ ከዚያ ከሴቶቹ መካከል ወደተቀመጡት እማማ ዞረ። እሳቸው በዚያ ፀሐይ አንገታቸውን በሻሽ ጠምጥመዋል።

 እኔ የጓዳውን መጋረጃ ጨበጥኩ።

«ይቺ ጠገራ ጎረቤቴ አይደለችም እንዴ?» አለ።

«ጠገራ አልክ፤ ጠገራ አመጡልህ» አሉት እማማ። «ከማን አንገት እንደምትወርድ አልተናገርክም።»

«ድምጿስ?»

«ወላሂ፣ አንተም እሷ ዕድሜ ላይ ድረስና ድምፅህን እንሰማዋለን!»

አባቴ ሊቆጣ ሲል ሳቁ ቀደመው። ከክፉው ቀን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጠገራዋን ለእናቴ አቀበላት፤ እናቴ በመዳፏ ይዛት ትንሽ ቆየች።

«ብሯማ ምን ታደርግልኛለች» አለ። «ስሟ ተጠርቶ ራሷም ቤቴ ትግባ ብዬ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታው ሲነሳ መጋረጃውን ሳላስበው ከነማሰሪያው አወረድኩት። ሁሉም አየኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማምሻውን አባቴ ጠገራዋን እንድመልስ ላከኝ። እማማ በር ላይ ስቆም ላመሰግናቸው ፈለግሁ፤ ያው አፌ ተያዘ። እሳቸው ጠገራዋን ተቀብለው ክሩን አንገታቸው ላይ ቋጠሩና ባዶ እጄን አይተው ሳቁ።

«ባልሽ ቤት የጎደለሽ ነገር ካለ ወደ እኔ ነይ» አሉኝ። «ገል ግን እንዳትይዢ።»