ከአባቱ ቃሬዛ ያላቀቅሁት እጅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። እናንተ ስሙኝ።

አስቀድሜ ማን እንደነበርሁ እወቁ። እኔ ውቤ፣ ቡሬ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበርሁ፤ ስነሣ ስብሰባው ጸጥ ይላል።

የጎረቤቴ የአያ ካሴ ልጅ ሲወለድ ሴት ናት ተብሎ የሺ ተባለ። ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ግን የሺዋስ ካላሉት ዞሮ አያይም። ሹሩባ ሲሠሩት ፈቶት ይመጣል። አያ ካሴ ተቆጥተው ተቆጥተው ሲደክማቸው፣ "ልጄ ራሱን ያውቃል" ብለው እርፍ አስጨበጡት። አረሰ። ደግሞ ሲያርስ!

እኔ ምን አደረግሁ? ዐዋቂ ልባል ብዬ በስብሰባ መካከል አስነሣሁት። "ሴት ከወንድ እኩል ናት፤ ይህችን አራሽ እዩ!" አልሁ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሴቶቹን ያመስግኑልኝ፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን ወንድ ነኝ" አለ።

አንዱ ከኋላ፣ "አያ ውቤ፣ ይኼ በአንቱ ጋዜጣ ላይ አልወጣም እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ። በእኔ!

ያችን ሳቅ አልረሳሁም። አያ ካሴ የሞቱ ዕለት የሺዋስ ከወንዶቹ ጋር ቃሬዛውን ሊሸከም ገባ። ማን ተቃወመ? ማንም። እኔ ተቃወምሁ። እጁን ከእንጨቱ ላይ ጣት በጣት አላቀቅሁት። እኔ ነኝ ያላቀቅሁት።

"ሂጂ፣ ከሴቶቹ ጋር አልቅሺ" አልሁ።

"አያ ውቤ፣ አባቴ ነው። እስከ ወንዙ ብቻ ልሸከመው።"

እምቢ አልሁ። ወግ ልጠብቅ ነበር? ውሸት! ያችን ሳቅ ላስከፍል ነበር። ከወንዶቹም ከሴቶቹም ርቆ፣ በእርሻው ዳር ብቻውን አባቱን ተከተለ። ከቀብር ሳይመለስ በቡሬ በኩል የነቀምትን መንገድ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አሁን እኔንም በቃሬዛ የሚሸከሙበት ቀን ቀርቧል። ተኝቼ የሚሸከሙኝን ትከሻዎች አስባለሁ፤ ተነሥቼ ደጅ እቆማለሁ፤ ተመልሼ እተኛለሁ። የሺዋስ፣ ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም።

የሠራሁትን ጠይቁኝ። ትምህርት ቤት አሠራሁ። ምንጭ አጎለበትሁ። ሽማግሌዎችን ፊደል አስቆጥሬ ስማቸውን አስጻፍሁ። ወደ ጅጋ የሚወስደውን መንገድ አስጠረግሁ። ልጅን ከአባቱ ቃሬዛ አላቀቅሁ፤ ይህንንም ማንም አላስተማረኝም።