ከለቅሶ ቤት የተቀየረችው ብስክሌት

አስመራ ውስጥ ለቅሶ ደርሶ መውጣት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከወጡ በኋላ የራስን ብስክሌት ከግድግዳው ላይ መለየት ነው። ለቀስተኛው ብዙው በብስክሌት ነው የሚመጣው። ሽማግሌው ኮትና ክራቫቱን አድርጎ፣ ሴቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ድንኳኑ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ይገባሉ። ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ለመሆኑ ከለቅሶ ቤት የሚሰርቅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ታዲያ ብስክሌቱ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አሮጌ፣ ሁሉም ከኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ግርማጽዮንም ሐምሌ ውስጥ በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱን ዘመድ ለቅሶ ደርሶ፣ ሽሮውን ቀምሶ፣ ቤተሰቡን እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወጣ። ሲመሻሽ ነበር፤ ካፊያም ነበር። ብስክሌቱን ያስደገፈበት ቦታ ላይ ያለችውን ብስክሌት ይዞ ወደ ሰፈሩ ወደ ገጀረት ነዳ። መንገድ ላይ መቀመጫው ከፍ፣ ፔዳሉ ራቅ አለበት። ሰው ሲያረጅ ያጥራል ይሉ የለ፣ ደረሰብኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ብስክሌቷ ሲጥ ሲጥ ስትልም ዝናቡ ነው አለ። ቤቱ ሲደርስ እንደ ወትሮው መቀመጫዋን መታ መታ አድርጎ "ተመስገን" አለና ገባ። የማያውቃትን ብስክሌት አመስግኖ ተኛ እላችኋለሁ።

ይህ ተመስገን የቆየ ልማዱ ነው። ጠዋት እግሩን አንስቶ ሲወጣባትም፣ ማታ ሲወርድም ይላታል። ቢል አይፈረድበትም። ልጁ ትርሓስ ተወልዳ ከሐኪም ቤት ስትመጣ፣ እናቷ አቅፋት ከኋላ የተቀመጠችው በዚያችው ብስክሌት ላይ ነው። እሱ ደግሞ እየነዳ ሳይሆን እየገፋ፣ የሰው ሰላምታ እየመለሰ፣ ከተማውን ሙሉ አቋርጦ በኩራት አስገብቷቸዋል። ሚስቱ ካረፈች ቆየች። ሱቁንም ለቀድሞ ተለማማጁ ትቶለታል። አሁን የቀሩት ደንበኞች ከአልጋ የማይነሱት ብቻ ናቸው፤ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው መምህር ክፍሎም፣ አክርያ ሰፈር ያሉት የድሮ የባቡር ነጂ፣ ሌሎችም እንደዚሁ። የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት አይቀራረብም፣ አውቶቡስም በራቸው ድረስ አያደርስም። የምላጭና የመቀስ ሳጥኑን ከኋላ አስሮ ይዞርላቸዋል። እሱ ካልመጣ ጢማቸውን የሚነካ የለም። ጢሙ ያደገ በሽተኛ ደግሞ ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ግርማጽዮን ይህን ብዙ ጊዜ አይቷል።

ችግሩ ዓይኑ ነው። የዓይን ግፊት ይሉታል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ይጠብቅልሃል ብለውታል ሐኪሞቹ። ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ ምላጭ ሲይዝ ጎልማሳ ነው። የጠፋበት ጎንና ጎኑ ነው። ስንቱ እንደጠፋበት ግን ለማንም አልተናገረም፤ በተለይ ለትርሓስ። ባለፈው ክረምት ከጎኑ የወጣ ጋሪ ሳያይ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ፣ የማያውቃቸው ሰዎች አንስተው፣ ብስክሌቱንም ገፍተው ቤቱ አድርሰውታል። እሱ እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ በጸሎት ያነሳቸዋል። ትርሓስ ግን አልቅሳ ስትጨርስ ቁርጡን ነገረችው፤ ሌላ አንድ ነገር ከተፈጠረ ብስክሌቷ ትሰቀላለች። እሱም እሺ ብሎ ቃል ሰጠ። ምን ያድርግ፣ ክርኑ ደም በደም ሆኖ እንዴት ይከራከር!

ትርሓስ ስለ መውደቅ የምታወራው ሰምታ አይደለም። ከሸሚዝ ፋብሪካ ሥራዋ በፊት በክለብ የምትወዳደር ልጅ ነበረች። ወደ ነፋሲት በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ አንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ከተነሳች ወዲህ የውድድር ብስክሌቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አቧራዋ ብቻ ይጠረጋል።

ሰኞ ጠዋት ትርሓስ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ያመጣት ብስክሌት መሪ ላይ ቀይ ቆዳ ተጠምጥሟል።

"ባባ፣ ይቺ የማን ናት?"

ግርማጽዮን ወጥቶ ጎንበስ ብሎ አያት። ደወሏም በግራ ነው፤ የሱ በቀኝ ነበር። መጀመሪያ ሊስቅ ፈለገ። የልጁን ፊት ሲያይ ግን ተወው።

"እኔን ያመጣህባትን ብስክሌት ካልለየሃት፣ መኪናውን እንዴት ትለየዋለህ?" አለችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ለቅሶ ቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ ሰዉ ቀዩን ቆዳ ወዲያው አወቀው። ደቀምሐረ ከተማ የሚኖሩት የሽማግሌው የአቦይ ወልደንኪኤል ነው። ሽማግሌው ብስክሌታቸውን አውቶቡስ ላይ ጭነው መጥተው ነበር፤ ቀድመው የወጡትም እሳቸው ናቸው። ስልክ ተደወለ፤ አዎ፣ የማላውቃት ብስክሌት ቤቴ አለች አሉ። ትርሓስ በአውቶቡስ እንላክላቸውና የኛን ይላኩልን አለች። ግርማጽዮን እንቢ አለ። የሰው ንብረት በስህተት ወስጄ በሹፌር እጅ አልመልስም፣ ነድቼ አደርሳለሁ፣ የኔን በአውቶቡስ ጭኜ እመጣለሁ፣ ከዚያ እሰቅላታለሁ፤ ይቺን አንዲት መንገድ ግን አትንፈጊኝ አላት። የመጨረሻዋን ልመና ማን ይከለክላል? ትርሓስ ሳሎን ገባች። በረፍቷ ቀን ጠዋት ያንን የውድድር ብስክሌት ከግድግዳው አውርዳ ጎማውን ስትነፋ አገኛት።

ከከተማው ጫፍ ያለውን ጎዳይፍን አልፈው ወጡ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ማለዳው ብርድ ነበር። ሜዳው አረንጓዴ ለብሷል፣ ገብሱ ተነስቷል። የአቦይ ወልደንኪኤል ብስክሌት መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታለቅስ ነበር፣ ግርማጽዮን ግን ደስ ብሎት ነበር። የመጨረሻዬ ነው ብሎ ሲያስብ ሆዱ ይባባል፤ ደግሞ ልጄ ከኋላዬ አለች ይልና ይጽናናል። ቁልቁለት ላይ ሲለቃት ኮቱ ከኋላው ተነፋ። ለአፍታ ያህል ዕድሜውንም ቃሉንም ረሳ።

የበለስ ወቅት ነበርና ሴቶች በለሳቸውን በሳፋ ደርድረው የመንገዱ ዳር ዳር ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ትንሽ ወደ አስፋልቱ ቀረብ ብላለች። ግርማጽዮን አላያትም። የሰማው የፊት ጎማው ሳፋውን ሲመታ፣ ከዚያም በለሱ ከሥሩ ሲፈርጥ ነው። እግሩን መሬት ተክሎ ሲቆም ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እግሯ ከሳፋው አጠገብ ነበር።

"ፊትዎን አዙረው ነው እንዴ የሚነዱት አቦይ?" ብላ ጀመረች። ጎልማሳ ቢሆን ልብሱን በስድብ ታወልቀው ነበር። ወርዶ የተበተነውን በለስ ሲለቅም ስታይ ድምፅዋ ወረደ። "ይሁን፣ እንኳን በለሱን ሆነ። በለስ ነገም ይበስላል" አለች። ሊከፍላት ቢል አልቀበል አለች፤ ይባስ ብላ የተረፉትን ልጣ በየተራ አጎረሰቻቸው። ግርማጽዮን በለሱን እየዋጠ፣ ይቺን ሴት ስላቆየልኝ ተመስገን አለ በሆዱ። ትርሓስ ግን ጎንበስ ብላ ከፊት ጎማው ላይ የፈረጠውን በለስ ጠረገች። ምን እንደምታስብ ገብቶታል፤ ልክ መሆኗም ገብቶታል። የቀረውን መንገድ ልቡ ቀድሞ ብስክሌቷን ሰቅሎ ጨርሷል።

አቦይ ወልደንኪኤል ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከግርማጽዮን በዕድሜ በጣም የሚበልጡ ሽማግሌ። የግርማጽዮን ብስክሌት ታጥባ ተወልውላ ከጎናቸው ግድግዳ ተደግፋለች። ጠላና አምባሻ ቀረበ። ግርማጽዮን ዓይኔ ነው አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላውቅ የርስዎን ወሰድኩ ብሎ ተነሳ።

"ቁጭ በል" አሉት። "አንተ ሳታውቅ ነው የወሰድከው። እኔ ግን አውቄ ነው።"

"እንዴት አውቀው?"

"ስነሳ አላወቅኩም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን አወቅኩ። የኔ ታለቅሳለች፣ ያንተ ዝም ትላለች። ልመለስ ብዬ ነበር እኮ! አውቶቡስ መናኸሪያውን ግን እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ። ከአስመራ እዚህ ድረስ ነድቼ ቤቴ ከገባሁ ስንት ዓመቴ፤ ዳግመኛ አገኘዋለሁ ብዬም አላስብም ነበር። ሌባ በለኝ፣ ያሻህን በለኝ፣ ብስክሌትህን ግን እመርቃታለሁ።"

ግርማጽዮን ሊቆጣ ቢፈልግ ቁጣው ከየት ይምጣ? ደስ አለው። የሱ ብስክሌት አንድ ሽማግሌ ያን ያህል አስደስታ መምጣቷን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አባቴ፣ እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው አለ። እስከዚያ ድረስ ዝም ያለችው ትርሓስ ግን ቀና ብላ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ወጡት አለቻቸው።

"ዓይኔማ ከድሮም ጭጋግ ነው ልጄ። ልምምድ የሚወጡት የክለብ ልጆች ደረሱብኝ። በኛ ጊዜ ፈጣኑ ደካማውን ጥሎ ይሄድ ነበር፣ እነዚህ ግን አልጣሉኝም፤ መሐላቸው አስገቡኝ። ከፊቴ ቀይ ማልያ የለበሰ ልጅ አደረጉልኝ። 'አቦይ፣ መንገዱን ይተዉት፣ የኔን ጎማ ብቻ ይመልከቱ' አለኝ። መንገዱን እሱ ያያል፤ እኔ ጎማውን። ደጄ አድርሰውኝ ሄዱ፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።"

ትርሓስ ጠላዋን ሳትጠጣ ያዘች። ግርማጽዮን ግን ነገሩን እንደ ጨዋታ ሰምቶ፣ ከኋላ አስሮት የመጣውን ሳጥኑን ፈትቶ፣ እንግዲህ እኔም ውለታ ልክፈል ብሎ የሽማግሌውን ጢም አረፋ ቀብቶ ሙልጭ አድርጎ ላጫቸው። ጉንጫቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት ደግሜ ልምጣና ልስረቅህ አሉት። ተቃቅፈው ተለያዩ።

በአውቶቡስ ተመለሱ፤ ሁለቱ ብስክሌቶች ከላይ ታስረው። ትርሓስ በመስኮቱ መንገዱን ስታይ መጣች። ቤት ሲገቡ ግርማጽዮን መዶሻና ወፍራም ምስማር ይዞ ሳሎን ቆመ። ቃል ቃል ነው። ልጁ መዶሻውን ከእጁ ወሰደችና ዛሬ ደክሞሃል፣ ተወው አለችው። እሱም ልትራራልኝ ነው ብሎ ተወው።

ሐሙስ የመምህር ክፍሎም ቀን ነው። በጠዋት ተነስቶ ሳጥኑን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በእግሩ ሊሄድ ወጣ። ትርሓስ በሩ ላይ የውድድር ብስክሌቷን ይዛ ቆማለች፣ የፋብሪካ ልብሷን ከነጃኬቷ ለብሳ። ከመቀመጫዋ ሥር አንዱ ነጭ የመላጫ ፎጣው ታስሮ ይወዛወዛል። የሱም ብስክሌት ጎማዋ ተነፍቶ ከጎኗ ቆማለች።

"ባባ፣ መንገዱን ተወው" አለችው። "ፎጣውን ብቻ ተመልከት። ወደ ሥራ የምሄድበት ሰዓት ነው፣ መንገዴ ነህ።"

መንገዷ አልነበረም። ፋብሪካው በሌላ በኩል ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግርማጽዮንም ያውቃል፤ ግን አልተከራከረም። ሳጥኑን አስሮ እግሩን አነሳ፤ ፎጣውን ሲያይ ተመስገን ማለቱንም ረሳ። እሷ ቀደመች። ነጩ ፎጣ ከፊቱ፣ ልክ ዓይኑ በደህና የሚያይበት ቦታ ላይ፣ ይሄዳል። "ጉድጓድ በቀኝ!" ትላለች፤ ወደ ግራ ይላል። "ጋሪ!" ትላለች፤ ቀስ ይላል። መታጠፊያ ላይ እጇን ትዘረጋለች። ያቺ ከዚያ ጉም ወዲህ ብስክሌት ያልነካች ልጅ ገና ደቀምሐረ አንዴ ደርሳ መጥታ፣ አሁን ደግሞ ለሱ ብላ ከፊት ትነዳለች። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ ሞላው፤ ፎጣውን ደግሞ እንባ ቢሸፍነው ጉድ ነውና ቶሎ ጠረገው።

መምህር ክፍሎም የሁለት ብስክሌት ደወል ሰምተው ነበር። ግርማጽዮን ሲገባ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው የመጣኸው አሉት።

"ከልጄ ጋር። ከፊት ከፊት እየነዳች አመጣችኝ።"

ይህን ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። ትርሓስ በር ላይ ቆማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በፊት እንደምታመጣው፣ ሲመለስ ብስክሌቷን እየገፋ እንዲገባ፣ የሌሎቹንም ቀን እንዲነግራት አስታወቀችው። ከዚያ ፎጣውን እንዳሰረች ወደ ፋብሪካው ነዳች። ግርማጽዮን የደወሏ ድምፅ እስኪጠፋ ቆሞ አዳመጠ፤ አረፋውን መታ መታ አድርጎ "ተመስገን" አለና ጀመረ።