የዛሂራ ቀይ ሳህኖች

ዛሂራ ቀዩን ቀለም እጇ ለማስገባት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ሰማያዊው አላስቸገራትም፤ አረንጓዴውም በሁለተኛው ሙከራ እሺ ብሏታል። ቀዩ ግን ሙቀቱ ትንሽ ሲበዛበት ይጠቁራል፣ ሲያንሰው ደግሞ እንደከረመ በርበሬ ይደበዝዛል። የተሳካላት ዕለት መዳቡን ከምድጃው በጉጠት አውጥታ ድንጋይ ላይ ስታስቀምጠው ጥቁር ነበር። ኢናሜል የሚባለው የመስታወት ቅብ ገና ከእሳት ሲወጣ ሁሌም እንደዚያ ነው፤ መዳቡ ላይ የተነሰነሰው የመስታወት ዱቄት ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይጣበቅና ቀለሙን የሚያሳየው ሲቀዘቅዝ ነው። ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ቅላቱ ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ እያለ መጣ። ምድጃውን በገዛ እጁ የሠራላት ባሏ ናስረዲን፣ ሆሳዕና ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና እየጠመጠመ የሚተዳደር ቁጥብ ሰው፣ ብዙ ሲያየው ቆየና "ገና ያልደረቀ ነው የሚመስለው" አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ያን ጊዜ የምትሠራው ጉትቻና የአንገት ጌጥ ነበር። አንዲት ሙሽራ "ይሄንኑ ቀለም በሳህን አድርጊልኝ" ስትላት ጎድጓዳ የመዳብ ሳህን ቀጥቅጣ ሞከረች። ሳህኑ ሠርጉ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ሰባት ቀይ ሳህኖች ከቤቷ ወጡ። አንዱን ፎንቆ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለሀዋ ሰጠች። ስድስቱን ዱራሜ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ሊሻን ወሰዱ።

ሃያ ስምንተኛውን ያዘዘችው ኤልሳ ናት፤ የኬሚስትሪ መምህርት ነች። ሐሙስ ጠዋት ልትወስደው መጥታ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

"በጣም ያምራል" አለች። "ቅላቱ ከምን ነው የሚመጣው?"

"ከዱቄቱ ነዋ። ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።"

"ማሸጊያው አለ?"

ዛሂራ አቀበለቻት። ጽሑፉ በማታውቀው ፊደል ስለሆነ አንብባው አታውቅም። ኤልሳ በስልኳ ፎቶ አንስታ አስተረጎመችው፤ አነበበችው፣ ደግማም አነበበችው። ከዚያ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከራሷ ትንሽ አራቀችው።

"ዛሂራ፣ ለጌጣጌጥ ብቻ ነው የሚለው። ለምግብ ዕቃ አትጠቀሙበት ይላል። እርሳስ አለበት።"

"የቱ እርሳስ?"

"ብረቱ፣ ባትሪ ውስጥ ያለው። ሰውነት ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ለሕፃን ደግሞ ይብሳል።"

"ግን እኮ ቲቸር፣ መስታወት ነው። ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል።"

"ኮምጣጣ ነገር ሊፈታው ይችላል። ሎሚ ጨምቀሽበት እዪው።"

ኤልሳ ስትሄድ ዛሂራ ሦስት ሎሚ ጨመቀችበት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እጇ ሥራ አልይዝ አላት። ሎሚውን ደፍታ ስታለቀልቀው ፈሳሹ ቆሞ የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ምልክት ታየ። ቅላቱ ሞቷል፤ በጣቷ ስትዳብሰው ይሻክራል። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ መልሳ ጠረገች።

ናስረዲን ሲገባ ሁሉንም ነገረችው።

"የታመመ ሰው የለም እኮ" አለ። "ከእንግዲህ አትሥሪው፣ በቃ። ይህን ካወራሽ ጉትቻሽንም የሚነካ አይኖርም። ሃያ ሰባት ሳህን ተከትለሽ እየዞርሽ መርዝ ሸጥኩላችሁ ልትዪ ነው?"

"ሀዋ ነስራን የምታበላት በሱ ነው።"

ነስራ የእህቷ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመቷ ነው። ናስረዲን የያዘውን ፒንሳ አገላብጦ አየው።

"ጠዋት አብረን እንሄዳለን" አለ።

ፎንቆ ሲደርሱ ነስራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የቲማቲም ወጥ ከቀዩ ሳህን እያጠቀሰች ትበላ ነበር። ዛሂራ ሰላምታውን ሳትጨርስ ሳህኑን ከፊቷ አነሳችው። ልጅቷ አለቀሰች። ወጡ ያለቀበት የሳህኑ መሐል ነጣ ብሏል፤ ለማወቅ መዳበስ አላስፈለጋትም።

"ምን ሆነሻል?" አለች ሀዋ። "የሰጠሽኝን ልትነጥቂኝ ነው?"

ዛሂራ ቆማ ነገረቻት። ሀዋ ልጇን አቅፋ አዳመጠች።

"በዚህ መብላት ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆናት?" አለች ዛሂራ።

"ስምንት ወር" አለች ሀዋ። "ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ማሸጊያው ላይ ተጽፏል አላልሽም?"

"ተጽፏል።"

ሀዋ ዞራ የነስራን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

በዚያው ቀን ነስራን ሆሳዕና ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዷት። ሐኪሙ ምርመራው እዚህ እንደማይሠራ፣ ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሦስት ሳምንት እንደሚቆይ ነገራቸው።

በእነዚያ ሳምንታት ዛሂራ ምድጃውን አልለኮሰችም። የገዢዎቹን ስም ከያዘችበት ደብተር እያየች ቤት ለቤት ዞረች። አንዳንዱ ሳህኑን ዝም ብሎ ሰጣት። አንዷ ደጅ ላይ ወርውራላት በሩን ዘጋች። ሌላዋ "ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አልበላበትም፤ አልሰጥሽም" ስትላት፣ ናስረዲን መሰርሰሪያውን ይዞ መጥቶ ምግብ እንዳይቀርብበት ሳህኑን መሐሉ ላይ በሳው።

ዱራሜ ግን ከባድ ሆነ። ጋሽ ሊሻን ወንበር ሰጥተዋት እየሳቁ ሰሟት።

"ወረቀት አለሽ? ከጤና ቢሮ የመጣ ነገር?"

"የለኝም ጋሼ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎት።"

"እንግዳ እኮ እዚህ መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ሳህኑን ነው። የበለጠ የሚከፍልሽ ገዢ አግኝተሽ ይሆናል። ሂጂ፣ ወረቀት ሲኖርሽ ተመለሺ።"

አስተናጋጇ በአጠገባቸው አለፈች። ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ በቀዩ ሳህን ይዛ፣ ሁለት ልጆች ካሏቸው ባልና ሚስት ፊት አስቀመጠችው። ትንሿ ልጅ እጇን ዘረጋች። ዛሂራ ከወንበሯ ተነስታ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች።

"ይቅርታ፣ ከዚህ አታብሏቸው" አለች። "ሳህኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ እርሳስ አለበት፣ ሎሚው ያወጣዋል። ለምግብ አይሆንም።"

አባትየው አንዴ እሷን አንዴ ሳህኑን ካየ በኋላ የልጅቷን እጅ ያዘ። ከኋላ ያለ ሌላ ሰው የራሱን ሳህን ገፋ አደረገ። ጋሽ ሊሻን ደረሱባት። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከጥርሳቸው ሥር ነበር።

"ውጪልኝ። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ።"

ወጣች። እየፈጠነች ወደ መናኸሪያ ሄደች። አንድ ሰው ተከትሏት የመጣ እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። በሦስተኛው ቀን አንድ ሹፌር ካርቶን አደረሰላት። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስቱ ሳህኖች ነበሩ። መልእክት አልነበረውም።

ከሃያ ሰባቱ ያልተገኘ አንድ ብቻ ቀረ፤ ገበያ ላይ የገዛችው ሴት ስሟን አልነገረቻትም ነበር። ዛሂራ በአካባቢው ሬዲዮ በሀዲይኛም በአማርኛም ራሷ ቀርባ አስነገረች። የደወለላት ሰው ብዙ ነው፤ ሳህኑ ግን አልመጣም።

ውጤቱ የመጣው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ሀዋ ልጇን አዝላ፣ ዛሂራ ግድግዳ ተደግፋ ቆመው ሰሙ።

"ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ" አለ ሐኪሙ። "መድኃኒት የሚያስፈልገው መጠን ላይ ግን አልደረሰም። ሳህኑን ማራቃችሁ ጥሩ ነው። በደንብ ትብላ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንየው። ያኔ መቀነስ አለበት።"

"ባይቀንስስ?" አለች ሀዋ።

"ያኔ አዲስ አበባ እንልካታለን።"

ደረጃውን ወርደው መንገዱ ዳር ባጃጅ ጠበቁ። ሀዋ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጠቻትም ነበር። ነጠላዋን አስተካከለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተናገረች።

"ከሦስት ወር በኋላ አንቺ ነሽ የምታመጫት። እኔ ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ቆሜ ውጤቱን መስማት አልችልም።"

"አመጣታለሁ" አለች ዛሂራ።

ባጃጁ ሲቆም ሀዋ ልጅቷን ከጀርባዋ ፈታ ለዛሂራ ሰጠቻትና ቀድማ ገባች።