ያስነበብኩት ስም

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ተነስቼ፣ መጀመሪያ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ከደጃፍ ተመልሻለሁ። ሰበብ ነው፤ አውቃለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ይትባረክ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ፍልስፍና ስንማር እሱ ከእንጦጦ ራጉኤል፣ እኔ ከየካ አባዶ እንመላለስ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ቅኔ የተማረ ልጅ ነው። በመጨረሻው ሴሚናር በልጦ የተገኘ በረዳት መምህርነት እንደሚቀር ተነግሮናል። ፉክክሩ በእኔና በሱ መካከል እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ለሁለታችንም የደረሰን ያው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ነበር።

እኔ የፈላስፋውን መጽሐፍ አልጨረስኩትም። ለምን እዋሻለሁ፣ ካነበብኩትም ግማሹ አልገባኝም። ግን ሦስት ወር ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁና የሰውየውን ስም ስጠራ ያምርብኛል። ይትባረክ መዝገበ ቃላት ይዞ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። አንድ ቅዳሜ ከራጉኤል ቁልቁል ስንወርድ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን አስረዳኝ።

"ሰው ሲያየን ራሳችንን በሱ ዓይን እናያለን፤ እፍረት ከዚያ ይመጣል ነው የሚለው" አለኝ። ከዚያ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ጣቱን አነሳ። "አንድም፣ የሚወደን ሰው ሲያየን የምናፍረው ስለሚንቀን አይደለም፤ ከዚህ የተሻልን መሆናችንን ስለሚያውቅ ነው። ይቺን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኳት።"

ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ ወዲያውም ቀናሁ።

"በይ እስቲ ስሙን አስነብቢኝ፣ ሰው ፊት እንዳልዋረድ" አለኝ ቀጥሎ። አስነበብኩት። ፈረንሳዮች ጽፈው ሲያነቡ የሚውጧትን ፊደል ሁሉ አንዷንም ሳላስቀር እያስጠራሁ አስነበብኩት። እሱም እንደ ልጅነቱ እየተከተለ ሦስት ጊዜ ደገመው። ስልኩን ከፍቶ መስማት ይችል ነበር። ግን ያስነበበውን ሰው ቃል የሚያጣራ ልጅ አይደለም፤ እኔ ደግሞ ይህን አውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝም ማወቄ ነው። ቀልድ ነበር እንዴ? አልነበረም። ቀልድ ቢሆን ታክሲ ሳንሳፈር እነግረው ነበር። ቀልድ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ለምን ተቁነጠነጥኩ?

ሴሚናሩ ላይ ስሙን ሲጠራ አንዷ ሳቀች። ሲደግመው ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ፈገግ ብለው አረሙት። የቀረውን እየዘለለ ጨርሶ ተቀመጠ። ያቺን የጨመራትን ሐሳብ እንኳ አላነሳትም። ተራዬ ሲደርስ እኔ አነሳኋት። ስሙን አሳምሬ ጠራሁ፣ ያቺን ሐሳብ የራሴ አድርጌ ተናገርኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ሥራውን አገኘሁ። እሱ ከዚያ ቀን ወዲያ ብቅ ሳይል፣ ሳይመረቅ ቀረ። እኔ ያቺን ሐሳብ ዛሬም በየዓመቱ አስተምራታለሁ፤ ተማሪዎቼም በእኔ ስም ይጠቅሷታል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይህ ብቻ ቢሆን ለነፍስ አባቴ የምነግራቸው ይመስለኛል። ባለፈው ክረምት መሪ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ይትባረክን አገኘሁት። አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ልሸሸው ስል ቀድሞ አየኝና ስሜን እየጠራ መጣ። ሰላም ከተባባልን በኋላ አንገቱን ደፋ።

"ያን ቀን አሳፈርኩሽ" አለኝ። "አንቺ ያን ያህል ደክመሽ አስነብበሽኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅሽ ጠፋሁ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ታክሲው አልመጣም፣ አጠገባችን ሰው አልነበረም፣ እሱም ሥራዬን አይቀማኝም። ምን ያዘኝ? ምንም አልያዘኝም።

ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረግኩና፣ "ተው ባክህ፣ እኔ እኮ ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ" አልኩት።