መወርወሪያው ወደ ኋላ ሲርቅ

የልጅ ልጄ በስደት በምንኖርባት በቤድፎርድ ከተማ ከወንዶች ጋር ቤዝቦል ትጫወት ነበር። ኳስ ወርዋሪዋ እሷ ነበረች። ዱላ የያዘው ልጅ ገና ሲወዛወዝ ኳሷ አልፋው ትሄዳለች። በፈረንጆች ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ባንክ ከሰፈራችን ብዙ ቤት ወስዷል፣ የአማቼም የታክሲ ሥራ ቀዝቅዟል። ከኤርፖርት በቀጥታ ሜዳ ይመጣና «የኔ አንበሳ! ኮሌጅ በክንድሽ ነው በነፃ የምትገቢው» ይላታል።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ወርዋሪ የሚቆምበት ቦታ፣ መወርወሪያው፣ ከአራት ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይርቃል። ደንቡ ነው። ለተመልካች ምንም አይመስልም። እኔ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ የትልልቆቹንም ጨዋታ አይቻለሁ፤ ከቅርብ የምታስፈራ ኳስ ከሩቅ ስትመጣ ለመቺው ማሰቢያ ጊዜ ትሰጠዋለች። በዚያ ላይ የወንዶቹ ትከሻ በዚያው ዓመት ይሰፋል።

አማቼ የብርዱን ወራት ሁሉ ጓሮ ውስጥ በአዲሱ ርቀት ሲያስወረውራት ከረመ።

«ዳዲ፣ አይደርስም እኮ።»

«ይደርሳል። ፈርተሽ ነው። ድገሚ!»

«እስቲ ልጅቷ ትረፍ» አልኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ይህን ጨዋታ አያውቁትም» አለኝ፣ በትሕትና።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንግዶች ይዘን ገባን። ትሪው ተከቦ ሳለ ልጅቷ በግራ እጇ ቆርሳ ጎረሰች። አባቷ አፈረ።

«በሰው ፊት በግራ? ጭራሽ ፈረንጅ ሆነሽ አረፍሽው?»

«ተዋት ባክህ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ምን ያውቃል!» አለ አንዱ እንግዳ። ሳቁ።

በቀኝ መብላትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አልረሳችውም። ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አንስቼ ወደ ትሪው ላደርሰው ስል ከንፈሯን ነከሰች።

«እጇ አልነሳ ብሏት ነው» አልኩ።



የወሰድናት ሐኪም ዓመቱን ሙሉ እንዳትወረውር ከለከላት። ትከሻዋ ዳነ። ስትመለስ መወርወሪያው ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል፤ ካቻምና ኳሷን አንዴ እንኳ መንካት ያልቻለ ልጅ። እሷን ኳስ እምብዛም ወደማይመጣበት የሜዳው ጫፍ ላኳት። ጥቂት ቆየችና ተወችው።

አማቼ ለሰው ሲያወራ «ርቀቱን ባይለውጡት ኖሮ» ይላል። ርቀቱ ለወንዶቹም ተለውጧል። እነሱ ግን ያን ብርድ ቤታቸው አርፈው ነው የከረሙት። ይህን አልነገርኩትም። እሷም ወሬው ሲጀመር ሳህኗን አንስታ ትሄዳለች።