የውሃ ወረፋው ዘፈን

ልጅ ሳለሁ ሩዋንዳ ኤምባሲ አጠገብ በነበረው ሰፈራችን ሦስት ዘፋኞች ነበሩ፤ ሦስቱም በአንድ ሰው ድምፅ ይዘፍኑ ነበር። ሰውየው ያኔ ካሴቱ በየታክሲው የሚጮህ ዝነኛ ነበር። ሲዘፍን ግራ ትከሻውን ዘንበል ስለሚያደርግ የእኛዎቹም ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ ዘንበል ብለው ይሄዱ ነበር። ከሦስቱ የባሰበት ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነበር። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ አትላስ ድረስ በእግሩ ይመላለሳል፤ ሲመለስ ማንም ዞር ብሎ እንዳላየው ፊቱ ይናገራል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሕዝቡ ነበር። «ይሄ ሕዝብ ሙዚቃ አይገባውም» ይላል። ሕዝቡ ዋናውን ካሴት ቤቱ አስቀምጦ ቅጂውን ምን ሊያደርገው ኖሯል?

ያኔ ማምሻችንን የምናሳልፈው ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ፣ በቆርቆሮ ቤታቸው ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጎረቤታችን ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር የመበየጃ ብረታቸውን ከሰል ላይ አግለው ስለሚሠሩ፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች፣ ፋኖሱ ከላይ ያበራዋል፤ የመበየጃው እርሳስ፣ ስታኞው፣ ሲቀልጥ ቀጭን ጭስ ተነሥቶ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ እኛ የሰፈር ልጆች ግን ተረቱ እንዳያመልጠን ዓይናችንን እየጠረግን ቁጭ እንላለን። «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም። ሽቦ በጥርሳቸው እንደያዙ፣ ጎረቤት እንደሚያሙ ሁሉ ዝም ብለው ይገቡበታል።

አንድ ምሽት የነገሩን ተረት እንዲህ ነበር። አንድ ወጣት አዝማሪ የታወቀ ጌታ ነበረው፤ ዓመት ሙሉ ከኋላው እየዞረ ዘፈኑን አንድ በአንድ ቀዳ። ጌታው ደረቱን ስለሚያመው በየስንኙ መሐል ያስላል፤ ወጣቱም ሳሉ የዜማው አካል መስሎት አብሮ ቀዳው። ከዚያ ብቻውን ወደ አንድ መንደር ሄደና ስለሞላ ወንዝ እየዘፈነ፣ በየመሐሉ «ኡሁ፣ ኡሁ» ይል ጀመር። አገሩ ያን ዓመት ዝናብ ያጣ ነበር። አንዲት ባልቴት ተነሡና «ልጄ፣ ወንዙ የኛ አይደለም፤ ሳሉስ ያንተ ነው?» አሉት። በማግሥቱ ድምፁ የተሰነጠቀ አንድ አራሽ በድርቁ የሞቱትን በሬዎች ስም እየጠራ ሲያንጎራጉር ግን መንደሩ በሙሉ አለቀሰ። «የበሬህን ስም ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው እንዴት አታለቅስ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ብረቱን ወደ ፍሙ እየመለሱ።

ልጆቹ በሳሉ ሳቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ አዝማሪው ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ ብዬ ነበርና።

በዚያው ሰሞን የቧንቧችን ውሃ ጠፋ። እናቴ ዳዊትን ገና ሳይነጋ ከአልጋው እየጎተተች ወደ ቦኖ ትልከዋለች፣ እኔንም አስከትላ። አንድ ጠዋት ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል ዳዊት ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ፣ በጣቱ እየመታው ያንጎራጉር ጀመር። እንቅልፍ አፉን ስላሰረው ነው መሰለኝ የዝነኛውን ድምፅ ማምጣት አልቻለም፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲደብቀው የኖረው የገዛ ድምፁ፣ ሻካራው፣ አመለጠው።

ጀሪካን ተሰልፎ ሰው ቤቱ ተኝቷል፣
ውሃ መጣ ሲባል ማን ማንን ያውቃል።

ከዚያም የእያንዳንዱን ጀሪካን ባለቤት በስም እየጠራ ቀጠለበት፤ ጀሪካኗ ክዳን የሌለውን፣ ወገቡ የተሰነጠቀባትን፣ ወረፋ ይዛ የምትጠፋውን። እትዬ አስካለ፣ አንድ ልጃቸው ዐረብ አገር የሄደባቸው ጎረቤታችን፣ ጀሪካናቸውን እየደበደቡ ተቀበሉት። «ድገመው! እኔን ረሳኸኝ እኮ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ጋሽ ሰይድ በነጋታው አንድ ያረጀ ቴፕ በጋቢያቸው ደብቀው መጥተው ዘፈኑን ሲደግመው ቀዱት።

ካሴቱን በራቸው ላይ ሲያጫውቱት መንገደኛ ሁሉ መቆም ጀመረ። አትላስ አካባቢ ካሴት የሚሸጥ አንድ ነጋዴም ቴፕ ሊያሠራ መጥቶ ሰማውና «ይሄ ልጅ የማን ነው? እንዲህ ያለ አሥር ዘፈን ካለው ይዞ ይምጣ» አለ። ጋሽ ሰይድ ጠሩኝ።

«ሩጪ፣ ለወንድምሽ ነጋዴው ያለውን ንገሪው።»

ሮጥኩ። ነገር ግን ተማሪ ቤት «የጀሪካኑ እህት» እያሉ ሲያበሽቁኝ ነበር የሰነበቱት፤ ያኔ ለእኔም ዘፋኝ ማለት ዝነኛው ነበር፣ ወንድሜን የናቅሁትም ያን መሆን ስላቃተው ነበር። በር ላይ ስደርስ ዳዊት መስተዋት ፊት ትከሻውን ሲያዘነብል አየሁት። የነጋዴውን ቃል ዋጥኩት።

«የቦኖ ዘፋኝ ሆነሃል አሉ» አልኩት። «ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይስቅብሃል።»

ጃኬቱን ሳይለብስ ወጥቶ ጋሽ ሰይድ ቤት ገባ፤ ተከተልኩት። ጋሽ ሰይድ ቀና ከማለታቸው ካሴቱን ከቴፑ ነቅሎ፣ ክሩን በእጁ ዘርግፎ ከሰሉ ላይ ጣለው። የፕላስቲኩ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ምን አደረግህ? ነጋዴው እኮ አሥር አምጣ ብሎህ ነበር! አልነገረችህም?»

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። መሬት መሬት አየሁ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ኩራቱን መልሶ ለበሰ። «የጀሪካን ዘፈን ለሚገዛ ሰው እኔ አልዘፍንም፣ ጋሼ። እርስዎም ያለ ፈቃዴ መቅዳትዎ ነውር ነው» ብሎ ወጣ።

ከወር በኋላ ሰፈር ውስጥ ሠርግ ነበርና ዳዊት ኪቦርድ ተውሶ ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ስደት ዘፈነ፤ ባሕር ማዶ ሆኖ አገሩ እንደናፈቀው፣ ባዕድ ምድር ላይ እንዳረጀ። ወንድሜ ከተማሪ ቤት ሽርሽር ጋር ደብረ ዘይት ደርሶ ከመመለሱ በቀር የትም አልሄደም። አንድ ዘፈን እንደጨረሰ እትዬ አስካለ ከመደቡ ጎንበስ ብለው፣ ያለ ምንም ተንኮል፣

«ዳዊትዬ፣ አንተ ደግሞ መቼ ሄድክብን?» አሉት።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ፣ ኪቦርዱን አጠፋ፣ በድንኳኑ ጀርባ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲዘፍን የሰማው የለም።

በማግሥቱ ምሽት ጋሽ ሰይድ ዘንድ ልጆች ተሰብስበን ነበር። የሠርጉ ሳቅ ገና አልወጣልኝም። «ጋሼ፣ ያን የሚያስለውን አዝማሪ ይድገሙልን» አልኳቸው። ልጆቹ ገብቷቸው ተንከተከቱ። ጋሽ ሰይድ ግን የያዙትን ብረት አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ተረት ዱላ አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እኔ እሱን የነገርኳችሁ ዳዊት በር ላይ ቆሞ ስለነበር ነው። እንዲሰማው። ቀስ ብሎ እየገባው ነበር።»

በር ላይ ቆሞ እንደነበር አላየሁም ነበር። የቦኖው ዘፈን ከዚያ ምሽት በኋላ የመጣ መሆኑን ያሰብኩት ያኔ ነው፤ እንቅልፍ ስላሰረው አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬ ዳዊት መገናኛ ሰፈር መጋረጃ ይሸጣል፤ ሕዝቡ ሙዚቃ አይገባውም የሚለውን አልተወም። እኔም አልተሻልኩም። በሰው ድምፅ የሚዘፍን፣ ያልሄደበት አገር የሚናፍቀው፣ ማን እንደሚሰማው ሳይጠይቅ ለምን አልተሰማሁም የሚል ዘፋኝ ሲያጋጥመኝ ያ የድሮ ንቀቴ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፤ ይገባቸዋልም። ግን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ራሱን ሆኖ ዘፈነ፤ ሰፈሩም ቆሞ ሰማው። የቆመው ሊስቅበት ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነበርኩ።