ቤት የማይመታ በጀት

በሞጣ ከተማ ወጪ አስልቶ ቤት በመሥራት የሚስተካከለኝ የለም፤ ሰሎሞን እንኳ ቤተ መቅደሱን ሲያንጽ ቢያማክረኝ ኖሮ ግማሹ ወርቅ ይተርፈው ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ቦታ ሲመራኝ፣ ከቆርቆሮ እስከ ምስማር ጽፌ ወረቀቱን ለአጎቴ ላሳይ ቢቸና ሄድኩ።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቅኔ ሰው ነበሩ። የገበያ ዝርዝር እንኳ ቢሰጧቸው እያዜሙ ነው የሚያነቡት። የእኔንም "ወጋግራ፣ ማገር፣ ጭድ..." እያሉ አዜሙና፣ "ቤት አይመታም" አሉኝ።

"ምን ጎደለው?"

"ጠላው።"

"አጎቴ፣ ደቦ እኮ ነው፤ በነጻ ነው!"

"ክንዱስ ነጻ ይሁን፤ ጉሮሮውስ?"

እኔም ወጪ ቀነስኩ ብዬ ጠላውን ተውኩት።

የምርጊቱ ቀን ሰዉ እስከ ረፋድ ጭቃውን ረገጠና ቆመ። "ጭቃው ጠማው" አሉ። ክረምቱ ደርሷል፤ ያን ቀን ከተበተኑ ወደ እርሻቸው ነው፣ ቤቴንም ዝናብ ሊመታው ነው። ይህን ጊዜ አጎቴ ለማኅበር ተራቸው የተጠመቀውን ጠላ በጭነት መኪና አስጭነው ከተፍ አሉ። ጀምበር ሳትጠልቅ ግድግዳው አለቀ።

ሲመጡ የሚቀመጡባት መደብ አሁን ባዶ ናት። ሰሞኑን የአጥር ወጪ ጽፌ ለራሴ ባዜመው፣ "ቤት አይመታም" የሚለኝ ጠፋ።

የምርጊቱ ቀን እሳቸው ጠላ ሲያድሉ እኔ አልነበርኩም። "ምስማር ልግዛ" ብዬ ወጥቼ፣ ከኀፍረቴ የተነሣ ጎረቤት ሽንት ቤት ተደብቄ ነበር። የቤቴን ጭቃ በአንድ እግሬም አልረገጥኩም፤ ጠላውን ግን ማታ ተመልሼ ጠጥቻለሁ።